ከግቤ ማዶ፦ ስለ ጎረቤታሞች ገበያ የጅማ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ስለ አፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ስለ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) እና ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት ስለ ኢጋድ አብዝቶ የሚነገረው በአዲስ አበባ አዳራሾች ውስጥ ነው፤ ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግም ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ጋላፊ ነው። እኔ ግን ድንበር ላይ የሚታየው ስለ ድንበሩ እንጂ ስለ አገሩ ብዙ አይናገርም ብዬ ስለማምን ወደ ጅማ ሄድኩ። የጎረቤታሞች ኢኮኖሚ በእርግጥ እየተሳሰረ ከሆነ፣ ምልክቱ ከወሰን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የቡና መፈልፈያና በአናጢ ደጅ ላይ መታየት አለበት፤ ካልታየ ደግሞ ለምን እንዳልታየ መጠየቅ ይገባል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፍን በኋላ መኪናው ወደ ግቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ ተሳፋሪውም ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ውኃው የኅዳር ውኃ በመሆኑ ጭቃው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠራም ነበር። ይህ ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል፣ መጨረሻውም ቱርካና ሐይቅ ነው፤ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የኬንያ ነው። እንግዲህ ጅማ ሳልደርስ ያገኘሁት የመጀመሪያው ድንበር ተሻጋሪ ነገር ማንም ያልተፈራረመበት የውኃ ፍሰት ነበር።

ይሁን እንጂ የተፈራረሙበትም አለ። ከአሰንዳቦ ወዲህ ባለው አካባቢ የሚታየው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የግልገል ግቤ አንድ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ አልፎ 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ላለው ግቤ ሁለት ይደርሳል። ከዚያም በታች 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግቤ ሦስት አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ ሱስዋ የሚያበቃው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል፤ በ2015 ዓ.ም. ሽያጩ ሲጀመር የተላከው ግን 200 ሜጋ ዋት ነበር። ውሉ የ25 ዓመት ነው፣ ዋጋውም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ጅቡቲና ሱዳን ከዚያ ቀደም ብለው ከእኛ ኃይል መግዛት ጀምረዋል።

ይህን ሁሉ በመስኮት እያየሁ ያሰላሰልኩት ኤሌክትሪክ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ ቀድሞ ድንበር መሻገር የቻለበትን ምክንያት ነው። ኤሌክትሪክ ሻጩ አንድ፣ ገዢው አንድ፣ ውሉም አንድ ነው። በየኬላው አይቆምም፣ የሥሪት አገር የምስክር ወረቀት አይጠየቅም፣ የሚመዝነውም የሚቀምሰውም የለም። ከሁሉም በላይ በሁለቱ አገሮች መካከል እውነተኛ የወጪ ልዩነት አለ፤ እኛ ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ውኃ አለን፣ ኬንያ ደግሞ ከምድር እንፋሎት የምታመነጨው ብዙ ቢሆንም ፍላጎቱ በሚንርበት ሰዓት በነዳጅ የሚሠሩ ማመንጫዎቿን ማስነሣት ይኖርባታል፣ እነሱም ውድ ናቸው። ንግድ የሚወለደው ከልዩነት ነው፤ የሚሞተው ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ለቱርካና ዳርቻ ዓሣ አስጋሪና በኦሞ ግርጌ የጎርፍ እርሻ ለሚያርሰው ሰው ይህ ሽያጭ ምን እንዳስከተለ ግን በዋጋው ውስጥ አልተጻፈም፤ ስለ ትስስር የሚያወራ ሰው ይህንንም ማንሣት ያለበት ይመስለኛል።

የእኛ ሚኒባስ እንደ ኤሌክትሪኩ አልሆነለትም። መንገድ ላይ ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ ቆምን፤ አንዱ ቦታ ወረቀት ታየ፣ ሌላው ቦታ ጭነት ተፈተሸ፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ለምን እንደቆምን ሳይነገረን ገመዱ ወረደልን። ሹፌሩን የጭነት መኪና ነድቶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አይሱዙ ስነዳ የማሰላው ነዳጁን አልነበረም፤ ገመዱን ነበር» አለኝ። ኬላ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጅማን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እንዲያውም በጣም የቆየ ነገር ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ሐሙስ ዕለት እመለሳለሁ።

ጅማ የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ረቡዕ

ጠዋቱን ያሳለፍኩት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የአንድ ቡና አቅራቢ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ሠራተኛውም ጎረቤቱም «ሀጂ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ገና ያልተፈለፈለው የቡና ፍሬ፣ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሁለት ጎረምሶች በእንጨት መግፊያ እያገላበጡት ያልፋሉ፤ ከመፈልፈያው የሚወጣው ገለባ ግቢውን ቡናማ አቧራ አልብሶታል፤ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሴቶች ተደርድረው ጥቁሩንና የተበሳውን ፍሬ በእጃቸው እየለቀሙ ወደ ጎን ይጥላሉ። የመረጡት ቡና በስፌት ሲወርድ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። እዚህ ዋጋ የሚነገረው በኩንታል ሳይሆን በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።

ሀጂን የጠየቅኳቸው ነገር ቀላል ነበር፦ በአፍሪካ ውስጥ ቀረጥ ከተነሣ ቡናዎን ለጎረቤት አገሮች ይሸጣሉ ወይ? ሳቁና፣ «ለኬንያ ቡና? ለዩጋንዳ ቡና? ይህ እኮ ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ልጄ» አሉ። የኢኮኖሚ መምህራን ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን ነገር በአንድ ተረት ጨረሱት። ጎረቤታሞች ተመሳሳይ ነገር የሚያመርቱ ከሆነ የቀረጥ መነሣት ብቻውን ንግድ አይፈጥርም። ምሥራቅ አፍሪካ ቡና፣ ሻይ፣ ቁም ከብትና የቅባት እህል ታመርታለች፣ እነዚህንም ሁሉ ለሩቅ ገዢ ትልካለች፤ ማሽን፣ ነዳጅና መድኃኒት ደግሞ ከሩቅ ታመጣለች። አፍሪካውያን እርስ በርሳቸው የሚነግዱት ከጠቅላላ ንግዳቸው ከአምስት እጅ አንድ እጅ የማይሞላውም ለዚህ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ነው።

ተረቱ ግን ነገሩን ሁሉ አይዘጋውም። ቡና የሚጠጡ ግን የማያበቅሉ የአፍሪካ አገሮች አሉ፤ አልጄሪያ፣ ግብፅ፣ ሞሮኮና ሱዳን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሱዳን ጎረቤታችን ናት፣ ጀበናንም እንደ እኛው ታውቃለች፤ ሆኖም ከዩጋንዳ ሮቡስታ የሚባለውን የቡና ዓይነት በብዛት ስትገዛ ኖራለች። የዩጋንዳ ሮቡስታ ከጅማ አረቢካ ይረክሳል፤ ዋናው ምክንያት ይኼው ዋጋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የቀጠለው ጦርነት ደግሞ የንግድ መንገዱን ሁሉ አውኮታል። ስለዚህ ለጅማ ቡና በአፍሪካ ውስጥ ገበያ አለ ከተባለ፣ ያለው ውድ ቡና ለመግዛት ዝግጁ በሆኑ ከተሞች ነው፤ ያ ደግሞ የቀረጥ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ የቡና ቆዪና የንግድ ስም ጉዳይ ነው።

ስለ ተቆላ ቡና አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና 7.5 በመቶ ቀረጥ አለው፣ ለጥሬው ግን የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ቡናችንን ቆልተን የማንልከው በዚህ ቀረጥ ምክንያት ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በጣም ካላደጉት አገሮች መካከል በመሆኗ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ይህ ቀረጥ አይመለከታትም። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የምንልከው ያው ጥሬውን ነው። የተቆላ ቡና መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ ቆዪዎች የተለያዩ አገሮችን ቡና ስለሚያደባልቁ ከጠጪው አጠገብ መሆን ይጠቅማቸዋል፣ ገዢውም የሚያውቀው ስሙን ነው። ይህ ለአፍሪካ ገበያም ትምህርት አለው፤ ካይሮ ወይም ናይሮቢ በአውሮፕላን የሰዓታት መንገድ ናቸውና የመዓዛው ችግር በዚያ ይቀላል።

ከሰዓት በኋላ ከሀጂ ጋር ሻይ እየጠጣን ስለ ዶላር አወራን፤ የዕለቱ ትልቁ ነገር ለእኔ ይህ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቡና ላኪ ከነበሩት ብዙዎቹ ቡናን የሚልኩት ከቡናው ሊያተርፉ አልነበረም። ዶላር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ላኪው በቡናው እየከሰረም ቢሆን ዶላሩን ካገኘ፣ በዚያ ዶላር ዕቃ አስገብቶ ያካክሰው ነበር። ይህን የንግዱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ነገሩን ከቀጠናው ውህደት ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት፦ ለጎረቤት ሽጦ በሽልንግ ወይም በብር የሚከፈለው ላኪ ምን ያደርግበታል? የላከው ለዶላሩ ነው። የአፍሪካ አገሮች በየራሳቸው ገንዘብ እንዲከፋፈሉ የሚያስችለው የፓን አፍሪካ የክፍያና የሒሳብ ማወራረጃ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሥራ ሲጀምር ትልቅ ተስፋ ተነግሮለታል፤ ነገር ግን ወደ ውጭ መሸጥ ማለት ዶላር ማግኘት ማለት በሆነበት ኢኮኖሚ ውስጥ የጎረቤት ገንዘብ ያው ግማሽ ክፍያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ላኪዎች ካገኙት ውጭ ምንዛሪ ግማሹን እንዲይዙ ሲፈቀድ፣ የተነገረው ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ያ ውሳኔ ለቀጠናው ንግድ ከብዙ የንግድ ስምምነቶች የበለጠ ትርጉም አለው፤ ቡናን በቡናነቱ ዋጋ ለሚገዛ ሁሉ፣ ጎረቤትም ይሁን ሩቅ፣ መሸጥን አዋጭ የማድረግ አቅም አለውና።

ሀጂ ግን አልተስማሙም። «ምንዛሪው ምንም ቢሆን፣» አሉ፣ «ቡናው አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተበጥሮ፣ ተቀምሶ፣ ጅቡቲ እስኪገባ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንን ማን ያሳጥርልኛል?» ማንም አላሳጠረላቸውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 በኬንያ ጠረፍ በሚገኘው ላሙ ላይ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች መሠረት የጣሉለት የወደብና የመንገድ ኮሪደር የመጀመሪያውን የመርከብ ማረፊያ የከፈተው በ2021 ነው፤ ከጅማ ተነሥቶ ላሙ የሚደርስ የጭነት መስመር ግን እስካሁን የሀጂን ቡና አልነካውም። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የወጪና የገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

ሐሙስ

የሂርማታ ገበያ ቀን። ከአወይቱ ወንዝ አጠገብ ያለው መንገድ ከማለዳ ጀምሮ በባጃጅ፣ በአህያና ዘንቢል ባንጠለጠሉ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ይህ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራቡ አገር ካሉት ገበያዎች ትልቁ ነበር፤ ያኔም ዋናው የገበያ ቀን ሐሙስ ነበር። ከሰሜን የሚመጡ የጀበርቲ ነጋዴዎችና አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች የከፋን፣ የእናርያንና የጅማን ዕቃ እዚህ ሰብስበው በጎጃም በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና ቡና ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር፣ ይህን ሳይናገሩ የድሮውን ንግድ ማወደስ አይገባም።

ለእኔ የሚገርመኝ የክፍያው ነገር ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ እዚህ ድረስ መጥቶ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፣ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥርም ዋጋው ይወጣ ነበር። ትልቁ ክፍያ ደግሞ በማርትሬዛ ብር ነበር፤ በቪዬና የሚቀረጸው፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ ብር ከቀይ ባሕር ማዶ ከየመንና ከሱዳን ነጋዴ ጋር ያለምንም ምንዛሪ አገናኝቷል። ማዕከላዊ ባንክም፣ ውልም፣ ጽሕፈት ቤትም አልነበረውም። የጋራ ገንዘብ ማለት ይኼ ከሆነ፣ ዛሬ በሞያሌ ሽልንግና ብር ይዘው ከሚቆሙት ልጆች ይልቅ የዚያ ዘመን ነጋዴ ተሻለ እላለሁ፤ ነገር ግን የብሩን ብዛት የሚወስን በአካባቢው ማንም ስላልነበረ፣ ብር ሲጠፋ ገበያውም አብሮ ይታመም እንደነበር መርሳት የለብንም።

የማርትሬዛ ብር ድንበር ሲያፈርስ ኬላው ድንበር ይሠራ ነበር። የጅማ መንግሥት በቦይና በኬላ የታጠረ ነበር፤ ከ1870ዎቹ መጨረሻ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነጋዴን በመንከባከብ የታወቁ ቢሆኑም፣ ነጋዴው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በገባ ቁጥር መክፈሉ አልቀረለትም ነበር። አንድ ዕቃ ከባሕር እስከዚህ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚቀረጥ አስቡ። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄጄ አየሁት፤ የእንጨት ሥራው ድንቅ ነው፣ ስለ እሱ ብዙዎች የጻፉ ስለሆነ እኔ እዚህ አልጨምርም።

ወደ ገበያው ልመለስ። ሳሙና፣ ክብሪትና ሻማ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አጠገብ ተቀምጬ እያለ በአጠገባችን የነበረ አንድ ወጣት ቀረጥ ሲነሣ ሁሉም ነገር ይረክሳል ሲል ተከራከራት። እውነት ነው ወይ? በካናዳ የተወለደው የኢኮኖሚ ሊቅ ጄከብ ቫይነር እ.ኤ.አ. በ1950 ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ አሳይቷል። ምሳሌውን በእሷ ሳሙና ላድርገው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። ሩቅ አገር የሚሠራ ሳሙና እዚህ ሲደርስ 100 ብር ቢያወጣና 30 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት፣ ነጋዴዋ ዘንድ 130 ብር ይደርሳል። የጎረቤት አገር ሳሙና ደግሞ 115 ብር ቢያወጣ፣ በእሱም ላይ ያው 30 በመቶ ቢጣል፣ 149 ብር ከ50 ይሆናልና ማንም አይገዛውም። አሁን ለጎረቤት ብቻ ቀረጡ ይነሣ። የጎረቤቱ ሳሙና በ115 ብር ገበያውን ይይዛል፤ ገዢዋ 15 ብር አተረፈች። ነገር ግን መንግሥት የሚሰበስበው 30 ብር ጠፋ፤ አገሪቱም በ100 ብር ታገኘው የነበረውን ዕቃ በ115 ብር መግዛት ጀመረች። ቫይነር ይህን ንግድን ማዛወር ይለዋል። ጎረቤቱ በ95 ብር መሥራት የሚችል ቢሆንና ከውህደቱ በፊት በአገር ውስጥ በ120 ብር የሚሠራ የተጠበቀ ፋብሪካ ብቻ ቢኖር ኖሮ፣ ያው ውል ንግድን ይፈጥር ነበር። አንድ ውል መልካም መሆኑ የሚታወቀው ከስሙ ሳይሆን ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑና በምን ዋጋ እንደሚሠሩ ሲታወቅ ነው።

የኢትዮጵያ ጥንቃቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣናውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በዘጠኝ አገሮች ሲጀምር ኢትዮጵያ አባል ሆና ሳለ ወደ ቀጣናው አልገባችም፤ የሰጠችው ከቀረጧ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ ነው። ይህም ማለት 30 በመቶ የነበረው 27 ሆነ ማለት ነው። ገቢውን ከድንበር ላይ የሚሰበስብ መንግሥት፣ ከግብፅና ከኬንያ ፋብሪካዎች ጋር ለመወዳደር የሚፈራ ፋብሪካ፣ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ሆኖም ጥንቃቄ ሲረዝም ልማድ ይሆናል፤ ፋብሪካው ፈተና ሳይገጥመው ያረጃል።

ሴትዮዋን እርስዎ ምን ይላሉ አልኳት። «ሳሙናው ከየት እንደመጣ የሚጠይቀኝ የለም፤ አረፋው ነው የሚጠየቀው» አለችኝ፤ ከዚያም ለሌላ ገበያተኛ ዞረች።

ዓርብ

ወደ አጋሮ። ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ በቡና ጥላ ዛፎች መካከል ያልፋል።

በጎማ ወረዳ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ማሳቸውን አሳዩኝ። ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው፤ ቀዩ እሸት ገና ሙሉ በሙሉ አልተለቀመም፣ ልጃገረዶች ቅርጫት በወገባቸው አስረው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሄዳሉ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ ማሳው መሃል ቆመና ስክሪኑ ላይ የመጡትን ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አሳየኝ። ኬንትሮስና ኬክሮስ ናቸው። «አባባ፣ የእኛ ማሳ ይኼ ነው» አላቸው፤ እሳቸውም መነጽር ሳያደርጉ ቁጥሩን አይተው፣ «እኔ ማሳዬን አውቀዋለሁ፣ ለማን ነው የሚነገረው?» ብለው ጠየቁት።

የሚነገረው ለአውሮፓ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎበት በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ደግሞ የዙሪያው ወሰን መሰጠት አለበት። ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን እዚህ ጎማ ድረስ ወርዷል። ስለ ውህደት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ስድስት አገሮች በድንጋይ ከሰልና በብረት ጀምረው፣ በ1957 በሮም ተፈራርመው፣ በ1968 የጋራ የውጭ ቀረጥ አቁመው፣ በ1993 አንድ ገበያ የሆኑት እርስ በርስ ለመነገድ ብቻ አይደለም፤ አንድ ገበያ በመሆናቸው ሌሎች የሚታዘዙትን ደንብ መጻፍ ችለዋል። የጎማው አዛውንት የፈረንሳይን ወይም የጀርመንን ፓርላማ አልመረጡም። ቡናቸው ግን በእነሱ ሕግ ይመዘናል።

ከዚህ ወዲህ ያለው ጥያቄ ለእኔ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያና ዩጋንዳ ሁለቱ የአፍሪካ ታላላቅ ቡና አምራቾች ናቸው፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሩዋንዳም ይጨመራሉ። እነዚህ አገሮች አንዱ ለሌላው ብዙም ቡና አይሸጡም፣ ሀጂ እንዳሉት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ነገር ግን ከአውሮፓ ጋር ስለ ማሳ ካርታ ሲደራደሩ፣ የቡና ቀማሾችን ማረጋገጫ እርስ በርስ ሲቀባበሉ፣ የደን መረጃን በጋራ ሲያከማቹ የሚያገኙት ጥቅም በመካከላቸው ከሚነሣው ቀረጥ ሁሉ ይበልጣል። ውህደትን በጎረቤታሞች መካከል በሚያልፍ ዕቃ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1959 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የቡና በሽታን ሲያጠና የኖረ ነው፤ የፍሬ በሽታው ወሰን እንደማያውቅ ለተመራማሪዎቹ መንገር አያስፈልግም።

ቅዳሜ

ጠዋት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር አጠገብ አለፍኩ። በ2011 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ልብስ ሰፍቶ በአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው ሕግ፣ ዕድል ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። ያ ዕድል ውል አልነበረም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ብቻውን የሰጠው፣ አሜሪካም ብቻዋን የምታነሣው ስጦታ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጣች። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ውል፣ ምንም ያህል ቢዘገይ፣ አንዱ ወገን በማግስቱ የሚሰርዘው አይደለም፤ ይህ ልዩነት ለባለሀብት ከቀረጡ መጠን ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ውል ቢኖርም ግን ክፍፍሉ ካልተስተካከለ ይፈርሳል። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ የጋራ ባቡር፣ የጋራ አየር መንገድና የጋራ ጉምሩክ ነበራቸው፤ ማኅበረሰባቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ፈረሰ። የፖለቲካው ጠብ አንድ ነገር ሆኖ፣ ፋብሪካው ሁሉ ናይሮቢ እየተከማቸ ትርፉ ለኬንያ ያደላል የሚለው ቅሬታ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። እንደገና የተቋቋመው በ1999 በተፈረመ ውል ነው። ይህ ነገር በአገሮች መካከል ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ጅማ ላይ ሆኜ ሳስበው ነገ የናይሮቢ ዕቃ በርካሽ ቢገባ የሚጠቀመው አዲስ አበባ ያለው ሸማች፣ የሚጎዳው ደግሞ እዚህ ያለው አምራች ሊሆን ይችላል።

ይህን ሐሳብ ይዤ ወደ አናጢዎቹ ሰፈር ሄድኩ፤ የጅማ የእንጨት ሥራ የታወቀ ነው፣ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማም በየከተማው ይገኛል። አንድ ወጣት አናጢ የዋንዛ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ነበር። የግብፅ የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ ቢመጣ አትፈራም ወይ አልኩት። መፈተጉን ሳያቆም፣ «እንጨቱ የእኔ ነው፣ እጁም የእኔ ነው። ኮላውና ቫርኒሹ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እነሱ ይርከሱልኝ እንጂ ወንበሩን እኔ አውቅበታለሁ» አለ።

ከመጣሁ ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ወደ ውሉ ፍሬ ነገር የቀረበው ይህ ንግግር ነው። በአህጉሩ ውል መሠረት አገሮች ከቀረጥ መስመሮቻቸው (በጉምሩክ መዝገብ በቁጥር ከተዘረዘሩት የዕቃ ዓይነቶች) ውስጥ 90 በመቶውን በተወሰነ ጊዜ ነፃ ያደርጋሉ፣ 7 በመቶውን ጥብቅ ጥንቃቄ የሚሻ ብለው ለረዘመ ጊዜ ያቆዩታል፣ 3 በመቶውን ጨርሶ ያስቀሩታል። ክርክሩ ሁሉ ያለው የትኛው ዕቃ በየትኛው ክፍል ይግባ በሚለው ላይ ነው። ወንበሩ ተጠብቆ ኮላው ቢከፈት አናጢው ይጠቀማል፤ ኮላው ተጠብቆ ወንበሩ ቢከፈት ይዘጋል። በየዝርዝሩ ላይ ግን «ወንበር» ወይም «ኮላ» ተብሎ አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚጻፈው። ሙጫዎች በምዕራፍ 35፣ ቀለምና ቫርኒሽ በምዕራፍ 32፣ የቤት ዕቃ በምዕራፍ 94 ሥር ይገኛሉ። ይህን ስነግረው ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጦ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና፣ ሦስቱን ቁጥሮች ቁራጭ ጣውላ ላይ ጻፋቸው። ከዚያም 35ን ሁለት ጊዜ አሰመረበትና፣ ከሌሎቹ አናጢዎች ጋር ሆነው ንግድ ቢሮ ሄደው የሚጠይቁት ስለ የትኛው ቁጥር አስቀድመው ቢሆን እንደሚሻል ጠየቀኝ። ስለ ኮላው አስቀድሙ አልኩት።